የመረጃ ቋት ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር የሚከሰት መዘግየት፦ «ሀና ማርያም»ን የመፈለግ አብነት

አኅጽሮተ ጥናት

የመረጃ ቋት የተሻለ አቅም ወዳለው አዲስ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ፍለጋው ከቀድሞው ይልቅ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ በፖስትግሬስኪውኤል ላይ በማተኮር፣ የመዘግየቱ መንስኤ ብዙ ጊዜ የማሽኑ አቅም ሳይሆን በዝውውሩ ወቅት አብረው ያልተጓዙ ቅንብሮች መሆናቸውን ያስረዳል። ለአብነት የተወሰደው በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሀና ማርያም ሰፈር ስም ነው።

የችግሩ ክብደት

በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ታካሚዎችን በስምና በሰፈር የሚፈልግ ሠራተኛ አለ እንበል። ፍለጋው ሲዘገይ ወረፋው ይረዝማል፤ ሠራተኛው ትዕግሥቱ ሲያልቅ ለነባር ታካሚ አዲስ ካርድ ያወጣል። በዚህም የአንድ ሰው የሕክምና ታሪክ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀደመው ምርመራና መድኃኒት ከሐኪሙ ዐይን ይሰወራል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚባክን መለየት ያስፈልጋል። «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» የተሰኘው ትእዛዝ ሰርቨሩ የወሰደውን ጊዜና የመረጠውን የፍለጋ መንገድ ያሳያል። ሰርቨሩ በ3 ሚሊሰከንድ እየመለሰ ተጠቃሚው 8 ሰከንድ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ችግሩ በኔትወርኩ ወይም በፕሮግራሙ ላይ ነው። ለምሳሌ ሰርቨሩ ከሕንፃው ወጥቶ በሩቅ ቦታ ቢቀመጥና እያንዳንዱ ምልልስ 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት 200 ጥያቄዎችን በየተራ የሚልክ ፕሮግራም በምልልስ ብቻ 8 ሰከንድ ያጠፋል። መፍትሔው የጥያቄዎቹን ቁጥር መቀነስ ነው።

መዘግየቱ በሰርቨሩ ውስጥ ከሆነ፣ ሁለት ነገሮች ይፈተሻሉ። ፖስትግሬስኪውኤል የፍለጋ መንገዱን የሚመርጠው ስለ ሰንጠረዦቹ ይዘት በሰበሰበው አኃዛዊ መረጃ ላይ ተመርኩዞ ነው። ይህ መረጃ በተለመደው የመጠባበቂያ ቅጂ አብሮ ስለማይሄድ፣ ከዝውውሩ በኋላ «አናላይዝ» የተባለውን ትእዛዝ ማስኬድ ተገቢ ነው። የቅንብር ፋይሉም ሊታይ ይገባል፤ ማሽኑ የቱንም ያህል ሜሞሪ ቢኖረው፣ ካልተስተካከለ በቀር ለጋራ መጠቀሚያ የሚመደበው መጠን ብዙውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው።

የቋንቋ ቅንብርና የአማርኛ ፍለጋ

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የቋንቋ ቅንብር ነው። አሮጌው የመረጃ ቋት ፊደላትን በባይት ተራ ብቻ በሚያነጻጽረው በ«ሲ» ቅንብር ተፈጥሮ ከነበረ፣ «በ‹ሀና› የሚጀምር» የሚለው ፍለጋ ተራውን ኢንዴክስ ይጠቀማል። አዲሱ ቋት በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቅንብር ሲፈጠር ግን ያው ኢንዴክስ ለዚህ ፍለጋ አያገለግልም፤ ሰርቨሩም ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ስሕተት የሚል መልእክት ስለማይወጣ መንስኤው ተሰውሮ ይቆያል። መፍትሔው «ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» በተባለው ዓይነት ሌላ ኢንዴክስ መሥራት ነው።

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ መመለሱ ብቻውን አይበቃም። የሰፈሩ ስም «ሀና»፣ «ሃና»፣ «ሐና» ተብሎ ይጻፋል፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠራተኞች ይህን ለማለፍ የመጀመሪያውን ፊደል ትተው «ና ማርያም» ብለው ሲፈልጉ፣ የቃሉ መነሻ ስለማይታወቅ ከላይ የተጠቀሰው ኢንዴክስ ሊረዳ አይችልም። ስለሆነም የተጻፈውን ስም እንዳለ ጠብቆ፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ ዐምድ ማዘጋጀትና ኢንዴክሱን በእርሱ ላይ መሥራት ይመረጣል። የሚፈለገው ቃልም በዚያው ደንብ መለወጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ከዝውውሩ በፊት የአሮጌው ሰርቨር የቋንቋ ቅንብር፣ የኢንዴክሶቹ ዝርዝር፣ የተለወጡ ቅንብሮችና ዘወትር የሚቀርቡ ጥያቄዎች የሚወስዱት ጊዜ በጽሑፍ መያዝ አለባቸው። ይህ መዝገብ ከሌለ «ድሮ ፈጣን ነበር» የሚለው ቅሬታ የሚመሳከርበት ነገር አይኖርም፤ ተቋሙም በቅንብር ሊፈታ የሚችለውን ችግር በግዢ ለመፍታት ይገደዳል።