ሻዩ ያለ ስኳር፣ እንጀራው ያለ ልክ

ዛሬ ስለ ካርቦሃይድሬት ላወጋችሁ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪን ምን አገባው?» እንደምትሉ ይገባኛል። እኔም ነገሩ ቤታችን እስኪገባ ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው።

አባቴ ሹፌር ነው። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አድርጎ ሻሸመኔ ሲመላለስ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። በማግሥቱ እናቴ የስኳር ዕቃውን ባዶ አደረገችው። ሻይ ያለ ስኳር፣ ቡና ያለ ስኳር፣ ለስላሳማ ጭራሽ። ሁላችንም ኮራንበት። ምሳ ላይ ግን ድንች ወጥ በሁለት እንጀራ ይበላል፤ ማታ ደግሞ ፓስታ በዳቦ። በየቀጠሮው ሲለካ ስኳሩ አልወርድ አለ። «እኔ እኮ ከተውኩት ቆየሁ!» ይላል። አልዋሸም። ለእኛ ለአዳማ ልጆች ስኳር ማለት ከወንጂ የሚመጣው ነጩ ነገር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት የጀመረው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ወንጂ ላይ ነውና።

ለመሆኑ ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» እያልን የሸመደድነውን አስታውሱ። ካርቦሃይድሬት ከኃይል ሰጪዎቹ ዋነኛው ሲሆን አንዱ ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ስኳር ነው፤ ሸንኮራ፣ ማር፣ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ስታርች ነው፤ የጤፉ፣ የአርሲው ስንዴ፣ የሻሸመኔው ድንች፣ የበቆሎው። ሦስተኛው አሰር (ፋይበር የሚባለው) ነው፤ በእህል ገለፈት፣ በጎመን፣ በባቄላና በምስር ውስጥ አለ። አሰር በትንሹ አንጀት አይፈጭም፤ ነገር ግን የሌላውን መፈጨት ያዘገያል፣ ሆድንም ያለሰልሳል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስታርች ማለት የተቀጣጠለ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ብዙ ብታኝኩት መጣፈጥ ይጀምራል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሰንሰለቱን እየቆረጠው ነው ማለት ነው። ቀሪው ሥራ በትንሹ አንጀት ያልቅና ግሉኮሱ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ግሉኮሱን ወደ ሴሎች ያስገባል። የአባቴ ዓይነት ሕመም ሲኖር ሰውነት ለኢንሱሊን በቅጡ አይታዘዝም፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። ከወንጂ ይምጣ ከምጣድ፣ ደም ውስጥ ሲደርስ ያው ግሉኮስ ነው።

ታዲያ ይህን ሲሰማ አባቴ ምን አደረገ? ሌላኛው ጫፍ ላይ ወጣ። እንጀራውንም ዳቦውንም እርግፍ አድርጎ ተወ፤ መድኃኒቱን ግን እንደወትሮው ይውጣል። አንድ ጠዋት እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ ንግግሩ ተወላገደ። ጎረቤታችን ሲስተር እየሮጡ መጥተው «ቶሎ ስኳር በጥብጡ!» አሉ። ከየት ይምጣ? አባርረነዋል! ታናሽ እህቴ ሱቅ ደርሳ እስክትመለስ ያለችው ያቺ ደቂቃ ዓመት ሆነችብኝ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ከዚያ ቁርስ በላ።

በኋላ ሲስተር አስረዱን። አንዳንዱ የስኳር እንክብል ቆሽትን አነሳስቶ ኢንሱሊን ያስመነጫል፤ ምግብ ከሌለ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ከሰውነታችን ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚወስደው አእምሮ ደግሞ በዋናነት የሚኖረው በግሉኮስ ነው። (ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።)

ስለዚህ ጥያቄው «ልብላ ወይስ ልተው?» ሳይሆን «ምን ያህል፣ ከምን ጋር?» ነው። በብዙ ቦታ የሚመከረው የገበታው ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ እህል ወይም ድንች፣ ሩቡ ደግሞ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ እንዲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው የሚጨመር ስኳር (ማርና ጭማቂም ይቆጠራሉ) ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ ከ50 ግራም በታች ማለት ነው። ጤፋችን ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ አሰሩ አይጠፋም፤ ቢሆንም ልክ ያስፈልገዋል።

ችግሩ ትሪ ላይ ልክ አይታወቅም። አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ያጎርሳል፣ ማን ይቆጥራል? እናቴ ለአባቴ ለብቻው በሳህን ብታቀርብለት «እኔ እንግዳ ነኝ?» ብሎ አኮረፈ። በመጨረሻ የተለወጠው ትሪው ነው። ጎመኑና ምስሩ በዛ፣ ድንቹ ቀነሰ፣ እንጀራው ላይ እንጀራ መደረብ ቀረ። አሁን ሁላችንም አንድ ላይ እንበላለን፤ ስኳሩም እየወረደ ነው። የስኳር ዕቃውም ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ለክፉ ቀን።

ለእኛ ለነገ ጋዜጠኞች የቀረችኝ አንዲት ነገር አለች። «የስኳር በሽታ» የሚለው ስም አባቴን አሳስቶታል። ስለዚህ ስለ ጤና ስንጽፍ «ጣፋጭ ይቀንሱ» ብለን ብቻ አንለፍ፤ እንጀራውን፣ ዳቦውንና ድንቹን በስማቸው እንጥራ። ደግሞም «ይተዉ» ከማለታችን በፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልኩን ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገር እንንገረው። አንባቢያችን የሰማውን ይዞ ገበታ ላይ ይቀመጣልና።