የጎርፍና የማዕበል ማስጠንቀቂያን እንዴት እንረዳ?



እዚህ ካኩማ በራሳችን ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ የታራች ላጋ ሊሞላ ይችላል። ደራሽ ውሃው የሚመጣው ከላይ ካለው አገር ከጣለው ዝናብ ነውና። የዳዳብ ካምፖችም እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻና በኖቬምበር 2006 በጎርፍ ተጥለቅልቀው ነበር። ስለዚህ ሰማይ አይቶ መሻገር አያዋጣም፤ ማስጠንቀቂያ መከታተል ያስፈልጋል። ነገር ግን የተወራው ሁሉ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የሚከተሉትን አራት ነጥቦች እንመልከት።

1. ከማን ነው የመጣው? በኬንያ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው የኬንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ራዲዮ፣ ቀይ መስቀልና የብሎክ መሪዎች ያስተላልፉታል። ከሰው ሰምታችሁ ከሆነ «ማን አወጣው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀን የሌለው የስልክ መልእክት ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል።

2. ለየት ነው? ለመቼ? ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ቦታውን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ ይገልጻል። ቱርካና ካልተጠቀሰ ለሌላ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል ከተባለ ከባድ ዝናብ ነው።

3. ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ነው፤ «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ማለት ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። የእንግሊዝኛው ግን በ6 ሰዓት ይለያል። «9 ኤ.ኤም.» የሚለውን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብሎ የተረዳ ሰው 6 ሰዓት ይዘገያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላጋው ሞልቶ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

4. እነዚህን የስዋሂሊ ቃላት እንወቅ፦
ታሃዳሪ – ማስጠንቀቂያ፣ ጥንቃቄ
ምቩአ ኩብዋ – ከባድ ዝናብ
ማፉሪኮ – ጎርፍ
ኡፔፖ ምካሊ – ኃይለኛ ነፋስ
ዶሩባ – ማዕበል
ራዲ – መብረቅ
በራዲዮ «ማፉሪኮ» የሚለውን ቃል ከሰማችሁ ስዋሂሊ የሚያውቅ ጎረቤት ጠርታችሁ አስተርጉሙ።

ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ከሆነ ልጆችን ከላጋው አርቁ፤ መታወቂያችሁንና ወረቀቶቻችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ለሕሙማን ንገሩ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መሞከር አይገባም።

የመልመጃ ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «ከ4 ፒ.ኤም. ጀምሮ»፣ በስዋሂሊ ደግሞ «ሳአ ኩሚ ጂዮኒ» ቢባል በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።

ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።