ምዕራፍ 4፦ ምልክቱን እዩ፣ አዲሱን ነገር ፈልጉ

ሱሉልታ ላይ የተጣደ ውሃ ይንተከተካል። ሰበታ ላይ ለቢራ የተጠነሰሰውም አረፋ ያወጣል። ኬሚካዊ ለውጥ ያለው ግን በሁለተኛው ብቻ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ ውሃዋ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎቱን ቀዝቃዛ ክዳን ላይ ብትይዙት ተመልሶ ያው ውሃ ነው። በጥንስሱ ውስጥ ግን እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል።

የኬሚካዊ ለውጥ ዋና ዋና ምልክቶች አምስት ናቸው፦ የቀለም መለወጥ፣ የጋዝ መውጣት፣ የዝቃጭ መፈጠር፣ የሙቀት መጨመር ወይም መቀነስ፣ የሽታ መለወጥ። ምልክት ግን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው አዲስ ነገር መፈጠሩ ነው።

ሙከራ 1፦ ቀለም

አልጫ የነካው ነጠላ ሳሙና ሲያገኘው ይቀላል። ሳሙናው አልጫው ውስጥ ያለውን የእርድ ቀለም ስለለወጠው ነው። ጥቂት እርድ በውሃ በጥብጡና የአመድ ውሃ ጨምሩበት፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ሎሚ ስትጨምቁበት ቢጫነቱ ይመለሳል።

ሙከራ 2፦ ጋዝና ዝቃጭ

ይህን ከመምህር ጋር ሥሩ። ቀድሞ በውሃ የተዘጋጀ ኖራ በማሰሮ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የጠራውን ብቻ በጥንቃቄ ቅዱ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ከጠራው ጥቂቱን የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ነቅንቁት፤ እንደጠራ ይቆያል።

አሁን በሌላ ጠርሙስ ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ አፍስሱ። አረፋው ይገነፍላል፤ ጠርሙሱን ስትዳስሱት ቀዝቀዝ ይላል። የወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ፈሳሹ ሳይደፋ ጋዙን ብቻ ወደ ኖራው ውሃ ጠርሙስ አዘንብሉት። ከድናችሁ ስትነቀንቁት የጠራው ውሃ ወተት ይመስላል። ያ ንጣት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደነበር በዚህ ታወቀ።

ዝቃጭ ከክፍል ውጭም ትልቅ ሥራ አለው። ቡራዩ አጠገብ ካለው ገፈርሳ ግድብ የሚመጣውን ዓይነት የወንዝ ውሃ ለማጥራት አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል። ይህን ኬሚካል አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርተዋል። ኬሚካሉ ውሃው ውስጥ ገብቶ ለስላሳ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ዝቃጩ ደለሉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል።

ጥንቃቄ

በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በውሃ ያልተዘጋጀ ጥሬ ኖራም ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ተማሪ አይንካው።

መልመጃ

ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ደብተራችሁ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ቀድሞ ምን ነበረ? ምን ምልክት ታየ? ምን አዲስ ነገር ተገኘ? ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ፣ ሌላ መፈተሻ ሳትሞክሩ «ኬሚካዊ ለውጥ ነው» አትበሉ።