የወፍ ቆሎ በአጥራችን፦ እናቆየው ወይስ እንንቀለው?

የወፍ ቆሎ (ሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ) ከአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች የመጣ፣ በአገራችን ለጌጥና ለአጥር የተተከለ ቁጥቋጦ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ትናንሽ እሾህ አለው። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ በእጅ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ይሰጣል። አበባው ቢጫ ሆኖ ይፈካና እየቆየ ወደ ብርቱካንማ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ስለሚለወጥ በአንድ ዘለላ ላይ ሁለትና ሦስት ቀለም ይታያል። ያምራል፤ ፍየልም ብዙ አይደፍረውም። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንዲህ ያለ አጥር አይቼ ባለቤቱን «ጎረቤቶችህም ይትከሉ» ብየዋለሁ። ዛሬ አልልም።

ፍየል የማይደፍረው መርዝ ስላለው ነው። በበጋ መኖ ሲጠፋ የተራበ ከብት፣ በተለይም ተክሉን የማያውቅ አዲስ የተገዛ በሬ ወይም ላም ሊበላው ይችላል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፦ ከብቱ መብላት ያቆማል፣ ይደርቅበታል፣ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ስስ ቆዳው ይቆስላል። ይህን ያየ ከብቱን ጥላ ሥር አስሮ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥራ። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ለሕፃናትም አደገኛ ነው።

ውሳኔው ግን በግቢያችሁ ውስጥ በምታዩት ብቻ አይሰጥም። የበሰለውን ጥቁር ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ስለዚህ ከአጥሩ ውጡ፤ ወፍ በሚያርፍባቸው ዛፎች ሥር፣ በቦረቦር ዳርና በግጦሽ መሬት ጫፍ ፈልጉ። ጥቂት ችግኝ እንኳ ካገኛችሁ ይነቀል። በድሬዳዋና በምሥራቅ ሐረርጌ ግጦሹን የወረረው እንዲሁ እየተዛመተ ነው። ችግኝ ባይገኝስ? «ፍሬ ሳይዝ አበባውን እየቆረጥኩ አቆየዋለሁ» የሚል ይኖራል። አንድ ዓመት ይቆርጠዋል፤ በሁለተኛው አጨዳ ይደርስበትና ይረሳዋል። በተጨማሪም የሞዴል አርሶ አደር ግቢ ይጎበኛል፣ ጎብኚም ቅርንጫፍ ይለምናል። እኔ ብሆን እነቅለዋለሁ።

ለመንቀል አፈሩ ሳይደርቅ፣ ፍሬውም ሳይበስል ይሻላል። ጓንት አድርጋችሁ ቅርንጫፉን ቁረጡ፤ ፍሬ ካለው በጆንያ ሰብስባችሁ አቃጥሉ። የተቆረጠውን ከብት በሚደርስበት ቦታ አትተዉ። ከዚያ የግንዱን እግር ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡ፤ ከላይ የተቆረጠ ወይም በእሳት የተለበለበ ብቻ እንደገና ያቆጠቁጣል። በተዳፋት ወይም በቦረቦር ዳር ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንቀሉ፤ አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል። ከፊሉን ነቅላችሁ ደሾ ሣር ትከሉ፤ ሣሩ ሲይዝ ቀሪውን አስከትሉ። ለአጥሩ ሰንሰል ወይም ቅትክታ ይተካል። አበባ ለምትወድ ባለቤት ጽጌረዳ አለ፤ ሳታማክሯት አጥሩን እንዳትነኩ!

ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በየክረምቱ ቦታውን እየዞራችሁ ቡቃያውን በእጅ ንቀሉ። ተክሉን መለየት ያቃተው አበባ ያለበት፣ ፍሬ የሌለበት አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ይምጣ።