የጤና መድን ሻጭ ሥራና ኃላፊነቱ

ያገራችን ሰው ለችግር ቀን ገንዘብ ማዋጣትን ከባዕድ አልተማረም። ዕድር የሐዘንን ቀን ያስባል፤ ዕቁብም ገንዘብን በየተራ ያደርሳል። የጤና መድን የዚሁ የመረዳዳት ሐሳብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የበሽታን ቀን ማሰቡና አዋጪዎቹ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ቆሞ የሚያስማማ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም የመድን ሻጭ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ የመድን ወኪል ቢሮ በጸሐፊነት ስለ ሠራሁ፥ ያየሁትን ለጓደኞቼ ላካፍል ወድጃለሁ።

በመጀመሪያ የመድንን ሒሳብ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል 100 ሰዎች በዓመት 3,000 ብር ቢከፍሉ 300,000 ብር ይሆናል። ይህ ክፍያ አረቦን ይባላል። ከእነርሱ 10 ሰዎች ታመው እያንዳንዳቸው 25,000 ብር ቢያስፈልጋቸው 250,000 ብር ይወጣል። የቀረው 50,000 ብር ለቢሮ ወጪ፥ ለመጠባበቂያና ለሻጩ ኮሚሽን ይውላል። እንግዲህ መድን የሚቆመው ጤነኛው ለበሽተኛው ስለሚከፍል ነው።

ሻጮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወኪል የሚሠራው ለመድን ኩባንያው ሲሆን፥ የመድን ደላላ ግን ገዢውን ወክሎ ከኩባንያዎች ጋር ይደራደራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 ሁለቱም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ እንዲያወጡ ደንግጓል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ በመንግሥት የሚመራ ሆኖ ገበሬዎችና በግል ሥራ የሚተዳደሩ ቤተ ሰቦች የሚያዋጡበት ነው።

የሻጩ ውሎ አድካሚ ነው። እኔ የነበርኩበት ቢሮ ባለቤት ደመወዝ አልነበረውም፤ ካልሸጠ አይበላም። ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲወጣ፥ «ነገ ተመለስ» ሲባል ይውላል። አንዳንዱም «ምነው፥ በሽታ ታሟርትብኛለህ?» ብሎ ይቈጣዋል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲችል አይቼ አደንቀው ነበር።

አንድ ቀን ግን የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ለ12 ሠራተኞቹ መድን ሊገባ መጣ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። «ከዚህ በፊት የታመመ አለን?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ባለቤቱ፥ «አንዱ ኵላሊቱን ያመዋል» አለ። ወኪሉም፥ «ይህ ከተጻፈ ዋጋው ይወደድብዎታል» አለውና ወደ እኔ ዞሮ፥ «ልጄ፥ ‹የለም› ብለህ ጻፍ» አለኝ። «ጋሼ፥ ቢታወቅስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አንተ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ።

በጥቅምት ወር ሠራተኛው ሆስፒታል ገባ። ኩባንያው የሕክምና መዝገቡን ሲመረምር ሕመሙ የቆየ መሆኑን ስላገኘ አልከፍልም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ መድን የሚገባው ሰው እያወቀ እውነቱን ከደበቀ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ወኪሉ ኮሚሽኑን ቀደም ብሎ ተቀብሏል፤ ለሕክምናው የሚከፈለውን ግን ከየደመወዛቸው ቀንሰው ያዋጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቅጹን የሞላው የእኔ እጅ ስለ ሆነ፥ «ታዝዤ ነው» ብዬ ለመጽናናት አልቻልኩም። ሄጄ ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «ጥፋቱ የሦስታችን ነው» አለኝ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መድን የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይኸውም ውሉ የማይከፍልባቸው በሽታዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፥ ክፍያው ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና፥ የትኞቹ ሆስፒታሎች እንደሚቀበሉት ነው። የተጻፈውንም ራሱ ያንብብ፤ ሻጩ በቃል የነገረው ሳይሆን በውሉ የሰፈረው ነው የሚጸናው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከእኛ መካከል ነገ ይህን ሥራ የሚይዙ ይኖራሉ። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፤ በእውነት ከተሠራ ብዙ ቤተ ሰብን ከዕዳ ያድናል። ነገር ግን ሌላው ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ጕድለት ቶሎ ሲታይ፥ የመድን ሻጭ ውሸት የሚገለጠው ሰው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቅጹን ማረም አይቻልም።