ሳይኮሎጂ ደርሷችኋል? እንኳን ደስ አላችሁ!

የዲፓርትመንት ምደባ በሚለጠፍበት ቀን ግቢው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ስልኩን አንስቶ ቤተሰቡ ጋ ይደውላል፤ ሌላው ዶርሙ ገብቶ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። «ሳይኮሎጂ ደረሰኝ» የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ ከተከናነቡት ወገን ነው። አንደኛ ምርጫው ሕግ ወይም አካውንቲንግ ነበር፤ ሲጂፒኤው ትንሽ አነሰና እዚህ ጣለው። እሑድ ቤት ሲደውል ደግሞ አጎቱ ስልኩን ይቀበልና «እና አሁን ተምረህ ስትጨርስ እብድ ልታክም ነው?» ይለዋል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ነው። ወድዳና መርጣ ለገባችውም ይሆናል፤ እሷ ግን ማበረታቻ ብዙም አያስፈልጋትም።

የምለው ነገር ይህ ነው። ሳይኮሎጂ የሚያዋጣው የሰማውን ለሚፈትሽ ተማሪ ነው። ለመፈተሽ ደግሞ ላቦራቶሪ እስኪከፈትላችሁ አትጠብቁም፤ የምታጠኑት አእምሮ አብሯችሁ ያድራል። የጂኦሎጂ ተማሪ ድንጋዩን ለማየት ፊልድ መውጣት አለበት። እናንተ ለፈተና ስትጨነቁ፣ ያጠናችሁት ሲጠፋባችሁ፣ ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር ስትኮራረፉ፣ ሳታውቁት ክፍል ውስጥ ናችሁ።

በራሱ ላይ ሞክሮ ታሪክ የሠራ ሰውም አለ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። ቪልሄልም ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ውስጥ የታወቀውን የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ባቋቋመበት ዘመን፣ ኤቢንግሃውስ ራሱን መረመረ። ምንም ትርጉም የማይሰጡ ክፍለ ቃላትን እየደረደረ በቃሉ ይይዛል፤ የፈጀበትን ጊዜ ይመዘግባል፤ ከዚያ ከሃያ ደቂቃ፣ ከአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቀን፣ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ያንኑ ድርድር እንደገና ለመያዝ ምን ያህል ጊዜ እንደቆጠበ ያሰላል። አሰልቺ ሥራ ነው። በ1885 ውጤቱን ሲያሳትም ግን ጄኔራል ሳይኮሎጂ ላይ እስከ ዛሬ የምንማረውን የመርሳት ከርቭ አበረከተልን፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከያዘው ግማሹ እንኳ አልቀረለትም፤ በማግስቱ ሲሦ ያህል ቀረ፤ ከወር በኋላ ግን አምስት እጅ ቢደረግ አንዱ እጅ አሁንም አለ። ብዙው የሚፈስሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ከዚህ ሥራ ውስጥ ለተማሪ የሚበጀው ሌላ ቁጥር ነው። ኤቢንግሃውስ አንድን ድርድር በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደጋግሞ ያገኘውን ውጤት፣ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ሲከፋፍለው በ38 ብቻ አገኘው። ሠላሳው ድግግሞሽ የተቆጠበለት ሥራው በቀናት ስለ ተከፋፈለ ብቻ ነው። የፋይናል ዋዜማ በቴርሞስ ቡና ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚቸክል የሳይኮሎጂ ተማሪ ሳይ፣ የሚቸክለው ሃንድአውት ውስጥ ይኸው ኤቢንግሃውስ መኖሩ ትንሽ ያስቀኛል።

ሌላው የማነሣው ጥናት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ሳያዩ ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የተደገመው ወደ 42 ወረደ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የተጻፈው 56 ላይ ቆመ። በሁለተኛው ሙከራቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች፣ ከሌሎቹ ይልቅ የተሻለ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች ነበሩ። ማንበብ «ገብቶኛል» ያሰኛል፤ ሳምንቱ ሲመጣ ጉዱ ይታያል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከዴቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂ ሃንድአውት አምስት ገጽ አንብቡና ክደኑት። ባዶ ወረቀት አውጡና የፒያዤን አራት ደረጃዎች ጻፉ። «ሴንሰሪሞተር» ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ እሱ ቀላል ነው። ሁለተኛውም ይመጣል። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ይቆማል፤ ኮርኒሱን ታያላችሁ፤ እጃችሁ ሳታዙት ወደ ሃንድአውቱ ይሄዳል። አትክፈቱት! ሌላ አንድ ደቂቃ ታገሉ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በቀይ ጻፉበት። ነገም ከነገ ወዲያም ያንኑ በአዲስ ወረቀት ድገሙት። በሳምንቱ ቀዩ ሲቀንስ ታዩታላችሁ፤ ካልቀነሰም ራሳችሁ ላይ የሠራችሁት ሙከራ አንድ ነገር ነግሯችኋል ማለት ነው፤ ዘዴውን ቀይሩ።

አሁን ወደሚፈራው ኮርስ ልምጣ፤ ስታቲስቲክስ። «እኔ እኮ ሶሻል የገባሁት ከሒሳብ ልሸሽ ነው» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አለ። ሒሳቡ ተከትሎት ሲመጣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ኮርሱን በሲ አልፎ ይገላገለዋል። አትገላገሉት። በየስልኩ ስለ «አእምሮ ኃይል» የሚሰብክ ሰው በሞላበት ዘመን (አነቃቂ ዓምድ ጸሐፊዎችንም ጨምሩበት፣ አልቀየምም) እናንተን ከሌላው የሚለያችሁ «ስንት ሰው ላይ ተጠና? ከማን ጋር ተነጻጸረ? በአጋጣሚ ሊመጣ አይችልም ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መቻላችሁ ነው።

ሙያው ራሱ ይህን ጥያቄ ራሱ ላይ አንስቷል፤ ለእኔ ከሳይኮሎጂ ሁሉ የሚያኮራኝ ይኸው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው፣ ታዋቂ መጽሔቶች ላይ ከወጡ ጥናቶች መቶውን እንደገና ሠሯቸው። መጀመሪያ ሲታተሙ 97ቱ «ውጤት ተገኝቷል» ያሉ ነበሩ። ሲደገሙ ግን እንደዚያ ለማለት የበቃው 36 በመቶ ብቻ ሆነ። አንዳንዱ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን እንማራለን?» ይላል። እኔ ግን ገመናውን በራሱ እጅ ቆጥሮ አደባባይ የሚያወጣ ሙያ መማር መታደል ነው እላለሁ።

አብኖርማል ሳይኮሎጂ የምትወስዱበት ሴሚስተር ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት መላው ዶርም ይታመማል። አንዱ ጠዋት አልጋውን ሦስት ጊዜ ስላነጠፈ ኦሲዲ ይወጣለታል፤ የቀድሞ ፍቅረኛ ሁሉ ናርሲሲስት ይሆናል። እየሳቃችሁ እለፉት፣ ግን ሰው ላይ አትለጥፉ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ጓደኛችሁ በእርግጥ ከከፋው፣ ከምርመራችሁ ይልቅ የሚጠቅመው አብራችሁት ወደ ግቢው ክሊኒክ መሄዳችሁ ነው።

ሠፊው የጥናት ሜዳ ደግሞ እዚህ አገር ነው። ጄፍሪ አርኔት የተባለ ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ስድስት ትልልቅ የአሜሪካ የሳይኮሎጂ መጽሔቶችን ቢቆጥር፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች የመጡ ሆነው አገኛቸው። እነዚያ አገሮች የያዙት የዓለም ሕዝብ ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ነው። ቴክስትቡካችሁ ውስጥ «ሰው እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የእናንተን ሰፈር ሰው አያውቀውም። ይህን ስድብ አድርጎ የሚወስደው ይኖራል፤ እኔ ክፍት የሥራ ቦታ ነው የምለው። ከዚህ በፊት ገብተው ያሳዩንም አሉ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ ባካሄዱት ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቋል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል።

የመመረቂያ ሪሰርቻችሁ ያን አያህልም፤ ቢሆንም መንደር ስትገቡ የሚያጋጥማችሁ አንድ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የታወቀ የድብርት መጠይቅ ይዛችሁ አንዲት እናት ቤት ገባችሁ እንበል።

«እማማ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የመደበት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶዎታል? ምንም፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ ቀናት፣ ወይስ በየቀኑ ማለት ይቻላል?»

«ተመስገን ነው ልጄ።»

«እሺ እማማ፣ ግን ከአራቱ የቱ ላይ ላድርግልዎ?»

«አንቺ የቱ ይሻላል ትያለሽ? ጠጪ እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘ።»

ሰነፍ ተማሪ «ምንም» ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ጎበዟ መጠይቁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቡናዋን ትጠጣለች። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ እማማ ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው እንደማይዞር ያወራሉ። ተማሪዋ ይህን ሰምታ ቁጥሩን ራሷ አትመርጥም፤ ዳታ በግምት አይሞላም። ጥያቄውን በቀስታ ትደግመዋለች፤ አሁን እማማ ራሳቸው ይመርጣሉ። ማታ ማስታወሻዋ ላይ «ቡና ሳይጠጣ የተሞላውና ከተጠጣ በኋላ የተሞላው ይለያይ ይሆን?» ብላ ትጽፋለች። አድቫይዘሯ ይህን ካነበበ ፕሮፖዛሏን ወደ ጎን ብሎ ስለዚህ ያናግራታል ብዬ እገምታለሁ።

«ሥራስ?» ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ማረሚያ ቤት፣ ተፈናቃዮች ጋ የሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ ሰው የሚገባውንና ቁጥር የማይፈራን ሰው ይፈልጋሉ። ከሁሉ በፊት መውጫ ፈተናው አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም፤ የአራት ዓመቱ ባዶ ወረቀት የሚያግዘው እዚያ ነው። ሙያው የግድ ሠፊ ቢሮና ሶፋ እንደማይፈልግም ዕወቁ። ዚምባቡዌ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የአካባቢ እናቶችን አሠልጥነው ክሊኒክ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ የተጨነቀ ሰው መጥቶ ያወራቸዋል። ሐራሬ ላይ 573 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ ወንበሩ ጋ መጥተው ያወሩት ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ይልቅ ምልክታቸው ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። ቀጣሪ «ምን ትችላለህ?» ሲል መልሳችሁ ይህ ይሁን፦ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ዳታ ማጽዳት፣ በኤስፒኤስኤስ መተንተን፣ ሳላቋርጥ ማዳመጥ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ወደሚመለከተው መላክ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አራተኛ ዓመትን አትጠብቁ። የማስተርስ ተማሪዎች ዳታ ሰብሳቢ ሲፈልጉ ዲፓርትመንቱ ቦርድ ላይ ይለጥፋሉ፤ ካልለጠፉም ሂዱና ጠይቋቸው። አበሉ ትንሽ ነው፣ ፀሐዩ ብዙ ነው፣ ውሻ ያለበት ግቢም አይጠፋም። ስማችሁን አስመዝግቡና ምቹ ጫማ አድርጋችሁ ውጡ።