ኮምፒውተሩ ቀድሞ የሚጠራው ማንን ነው?

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን ነበሩኝ። ዊንዶውሱ አፕዴት ካደረገ በኋላ ኡቡንቱ ጠፋብኝ፤ ስከፍተው በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል። ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጫነው?

ጋሼ፦ ኧረ ተይ ልጄ! ኡቡንቱሽ ዲስኩ ላይ እንዳለ ሳይሆን አይቀርም። የተለወጠው ተራው ነው። ፎርማት ካደረግሽው ፋይልሽን ሁሉ ታጫለሽ፤ ይሄ ግን በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚስተካከል ነው።

ጠያቂዋ፦ ተራውን የሚይዘው ማን ነው? ዲስኩ ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። በድሮው ባዮስ ጊዜ ማሽኑ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ላገኘው ኮድ ሥራውን ያስረክብ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለኢታኒየም ማሽኖች ብሎ ኢኤፍአይን ጀመረ፤ በ2005 የዩኢኤፍአይ ፎረም ሲቋቋም የብዙ አምራቾች የጋራ ስታንዳርድ ሆነ። በዚህ አሠራር ማዘርቦርዱ ራሱ መዝገብ ይይዛል። እያንዳንዱ የቡት ኤንትሪ ቁጥር አለው፣ ስም አለው፣ ከዚያም በየትኛው ፓርቲሽን የትኛው ፋይል እንደሚነሳ ይናገራል። ቡት ኦርደር የሚባለው ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ የቁጥሮች ዝርዝር ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ ማሽኖች ይህ ሁሉ ፍላሽ ቺፕ ላይ ስለሚቀመጥ የሰዓቷን ባትሪ ብታወጪ እንኳ አይጠፋም።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ እንዴት ልየው?

ጋሼ፦ ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ አስነሺውና ተርሚናል ክፈቺ። በመጀመሪያ ግን «ሲስ» ውስጥ፣ «ፈርምዌር» ውስጥ፣ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር መኖሩን እዪ። ከሌለ ፍላሹ የተነሳው በድሮው የባዮስ መንገድ ነውና አጥፍተሽ በዩኢኤፍአይ አስነሺው። ካለ በሱዶ «ኢኤፍአይቡትኤምጂአር» ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ። እንዲሁ ሲጻፍ ያሳያል እንጂ አይነካም። የወጣውን አንብቢልኝ።

ጠያቂዋ፦ ቡት ከረንት 0003። ቡት ኦርደር 0000፣ 0003፣ 0002፣ 0001። ከዚያ 0000 ኮከብ፣ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር። 0001 ኮከብ፣ ኡቡንቱ። 0002 ኮከብ፣ ፌዶራ። 0003 ኮከብ፣ ፍላሹ። ጋሼ፣ እኔ ፌዶራ ጭኜ አላውቅም!

ጋሼ፦ አየሽ፣ ኡቡንቱሽ አለ፤ መጨረሻ ላይ ተገፍቶ ነው። ኮከቡ ኤንትሪው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ቡት ከረንት አሁን የተነሳሽበትን ይነግርሻል። ፌዶራው ላፕቶፑን ከሸጠልሽ ሰው የቀረ ይሆናል። ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መዝገብ አብሮ አይጠፋም።

ጠያቂዋ፦ ላጥፋው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ሙት መሆኑን አረጋግጪ። ያንኑ ትእዛዝ በሰረዝ ቪ ድገሚው፤ የእያንዳንዱን ፓርቲሽን ረጅም መለያ ቁጥር ያወጣልሻል። ከዚያ «ቢኤልኬአይዲ» ብለሽ አሁን ዲስኩ ላይ ካሉት ፓርቲሽኖች መለያ ጋር አስተያዪው። የትኛውም ጋ ካልገጠመ የሚያመለክተው የሌለ ቦታ ነው። ያኔ በትንሹ ቢ ቁጥሩን ትመርጫለሽ፣ በትልቁ ቢ ታጠፊዋለሽ። በትንሹና በትልቁ ፊደል ላይ አደራ። ትንሹ ኤ ያነቃል፣ ትልቁ ኤ ያስተኛል፤ ለማስተኛት እንጂ ለማጥፋት ያልቆረጥሽበትን በትልቁ ኤ አቆዪው። ደግሞ ቁጥሮቹ በአሥራ ስድስት ቤት ስለሚቆጠሩ ከ0009 ቀጥሎ የሚመጣው 0010 ሳይሆን መጨረሻው ኤ ፊደል የሆነ ነው።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ተራውን አሁኑኑ ልለውጥ።

ጋሼ፦ አትቸኩዪ፤ አስቀድመሽ ሞክሪው። በትንሹ ኤን 0001 ብለሽ ስጪው። ይህ ቡት ኔክስት ይባላል፤ የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈርምዌሩ ሥራውን ለኡቡንቱ ከማስረከቡ በፊት ትእዛዙን ራሱ ይሰርዘዋል። ኡቡንቱ አልነሳም ካለ አጥፍተሽ ስታበሪው ወደ ድሮው ተራ ይመለሳል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ላይ አዲስ ሲስተም የሚሞክር ሰው ቡት ኦርደሩን ለውጦ ሪስታርት ካደረገና ካልተነሳለት መንገድ መሄዱ ነው። በቡት ኔክስት ከሆነ እዚያ ያለ ጥበቃ እንኳ ማብሪያውን ተጭኖ ቢያጠፋውና ቢያበራው ሰርቨሩ በነበረበት ይነሳል። ከተነሳልሽ በኋላ ሰረዝ ኦ 0001፣ 0000 ብለሽ ተራውን አጽኚው። ሰረዝ ኦ ዝርዝሩን በሙሉ ይተካልና የምትፈልጊውን ሁሉ በኮማ እየለየሽ ጥሪ።

ጠያቂዋ፦ ኡቡንቱ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርስ ኖሮ?

ጋሼ፦ በትንሹ ሲ አዲስ ትፈጥሪያለሽ፤ ዲስኩን በዲ፣ ፓርቲሽኑን በፒ፣ ስሙን በትልቁ ኤል፣ ፋይሉን በትንሹ ኤል። ዲስኩን ካልጠቀስሽ «ኤስዲኤ» የሚለውን ይወስዳል፤ የአንቺ ኤንቪኤምኢ ስለሆነ ግድ ጥቀሺ። የፋይሉ መንገድ የሚጻፍበት የተገለበጠ ሰረዝ ተርሚናሉን ስለሚያሳስተው በጥቅስ ውስጥ አስገቢው። ሴኪዩር ቡት ካልተዘጋ ደግሞ ኡቡንቱን የሚያስነሳውን ግራብን ሳይሆን «ሺም» የሚባለውን ፋይል ምረጪ። አዲሱ ኤንትሪ ተራው ላይ ፊት ይገባል።

ጠያቂዋ፦ ብሳሳት ላፕቶፑ ይበላሻል?

ጋሼ፦ በዚህ ትእዛዝ አንድ ኤንትሪ ብታጠፊ መልሰሽ ትሠሪዋለሽ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሊኑክስ እነዚህን የፈርምዌር ተለዋዋጮች እንደ ፋይል አድርጎ ያሳያል። በ2016 መጀመሪያ ላይ ሲስተሙን ከሥሩ የሚያጠፋውን የአርኤም ትእዛዝ የሰጠ ሰው እነሱም አብረው ተሰረዙበት፤ ላፕቶፑ ከዚያ ወዲያ አልበራ አለ። እኔ ጥፋቱን ያን ሰው ላይ አልጥልም። ተለዋዋጮቹ ሲጠፉበት ራሱን መልሶ ማቋቋም የማይችል ፈርምዌር ለገበያ መቅረብ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ግን የሊኑክስ ከርነል አብዛኞቹን ፋይሎች እንዲሁ በቀላሉ እንዳይሰረዙ ቆልፏቸዋል። አንቺ ግን በእጅሽ አትንኪያቸው፤ በትእዛዙ በኩል ብቻ ሂጂ።

ጠያቂዋ፦ ተራውን ካስተካከልኩት በኋላ ዊንዶውስ እንደገና ቀድሞ ቢገባስ?

ጋሼ፦ ዝርዝሩን እንደገና አውጥተሽ እዪ። ተራው ተለውጦ ከሆነ በሰረዝ ኦ ትመልሺዋለሽ። ተራው ባለበት ሆኖ ማሽኑ ካልሰማሽ ችግሩ ፈርምዌሩ ጋ ነው። ዝርዝሩን ትቶ የዊንዶውስን ፋይል ራሱ የሚፈልግ ማሽን አለ፤ እንዲህ ያለው ላይ ፈርምዌሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ተራውን እዚያው ማስተካከል ነው። በዊንዶውስ በኩል መሥራት ካስፈለገሽም በአድሚኒስትሬተር የተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ቢሲዲኤዲት» አለ፤ እነዚህኑ የፈርምዌር ኤንትሪዎች ያሳይሻል። በይ አሁን ሰረዝ ኤን ብለሽ 0001ን ጻፊና ሪስታርት አድርጊው።